እትዬ የሻረግ እና የጫማ ሒሳብ

ያን ቀን በአንደኛ «ለ» ክፍል ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው። መምህርቷ እትዬ የሻረግ፣ እንደ ወትሮው ጠመኔ ጆሯቸው ላይ ሰክተው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ሰይፉ፣ ሳይሞቃቸው ላባቸውን እየጠረጉ። የቀበሌው ጓድ በቀለ፣ ካኪውን ለብሶ፣ ለሕፃን ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀምጦ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች፣ ጠመንጃቸውን ጥግ ላይ ከመጥረጊያው ጎን አስደግፈው። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ስብሰባ ባለበት ሁሉ የማይጠፉት። ሾላ ገበያ ጫማ የሚሸጡት ሐጂ ሸምሱ። እኔ፣ የትርሲት እናት፣ ለመውጣት እንዲመቸኝ በሩ አጠገብ። ግድግዳው ላይ ሦስት ፂማም ፈረንጆች። ከዚያ ልጆቹ፣ በየዴስኩ እንደ በርበሬ ታጭቀው።

ስንት ነበሩ ብትሉኝ አላውቅም። ሰው አልቆጥርም። ለምን እንደማልቆጥር እነግራችኋለሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና።

ያልነበረውንም ልጨምር፦ የበኩር ልጄ ደረጀ። እሱ ያን ሰዓት እቤቴ ጓዳ ውስጥ ከጤፍ ጆንያው ኋላ ተቀምጧል። ብሔራዊ ውትድርና የተጀመረ ሰሞን ነው፤ ደረጀ ደግሞ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። በዚያ ዘመን ብዙ ጎረምሳ ይህን የመሰለ ጥፋት ይሠራ ነበር።

እትዬ የሻረግ ሞተዋል የሚሉ አሉ። ባለፈው ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ አንዲት ሴት «እሳቸውማ ድሮ አረፉ እኮ» አለችኝ። የት ብላት አታውቅም፤ መቼ ብላት አታውቅም። ቀብሩ ላይ ነበርሽ ብላት «እኔ እንኳ አልነበርኩም» አለች። የዚህች ከተማ ሰው ያልቀበረውን ሰው ሲገድል አንደኛ ነው። ስለዚህ እኔ እስካሁን አላመንኩም፤ የማውቀውንም ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

እትዬ የሻረግ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ወደ ፊት ዘንበል የሚሉ ሴት ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ቡኒ ካፖርት ይለብሳሉ፤ ኪሱን ጠመኔ ስለሚሞላው ሲቀመጡ አቧራ ይነሣል። ልጅ አይመቱም። ያን ጊዜ የማይመታ መምህር እንደ ሰነፍ ስለሚታይ፣ እኛ ወላጆች ሄደን «ኧረ ይግረፉልን፣ ሥጋው የእርስዎ አጥንቱ የኛ» ብለን ለምነናቸው እናውቃለን።

«ሥጋውን ምን ላድርገው? ሥጋ ቤት የለኝ» አሉን። «አለንጋ አልይዝም። ምላስ አለኝ።»

ነበራቸው። አንድ ልጅ አምስትና ሦስትን ሰባት ነው ካለ ጠመኔውን ከጆሯቸው ያወርዱና «አምስትና ሦስት ስምንት ነው። ስምንት የሆነው አብዮቱ ስለፈነዳ አይደለም። በንጉሡም ጊዜ ስምንት ነበር፤ እናንተ አርጅታችሁም ስምንት ይሆናል» ይላሉ። አቶ ሰይፉ ይህ ሲባል በመስኮቱ በኩል የሚያልፉ ከሆነ እርምጃቸውን ያፈጥኑ ነበር። ያልሰሙት ነገር አያስጠይቅም።

ልጅ በትክክል ከመለሰም «ጎበዝ» አይሉም። «ቀጥል» ነው የሚሉት። ትክክል መሆን ሽልማት የሚያሰጥ ነገር አልመሰላቸውም።

ትምህርት ቤቱ ከጉርድ ሾላ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ቦሌ የሚያርፈው አውሮፕላን በቆርቆሮ ጣሪያው አናት ላይ ያልፋል፤ ሲያልፍ ሰው ከሰው አይደማመጥም። እትዬ የሻረግ ከአውሮፕላን ጋር አይጯጯሁም። እጃቸውን አጣምረው ይጠብቁታል። ሲርቅ «እሱ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። አራትና ሁለት ወዴት እንደሚሄዱ የማታውቁት እናንተ ናችሁ» ይሉና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ልጆቹም እሳቸውን አይተው አውሮፕላን ሲመጣ እጃቸውን ያጣምሩ ነበር። ትርሲት እቤትም ታደርገዋለች፤ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ የጎረሰችውን አታላምጥም።

የትምህርቱ ዘመን ሲጀመር ለመደመሪያ የሚሆን ሽምብራ ላኩ ተባልን። ላክን። በሁለተኛው ቀን የክፍሉ ድምር ሁሉ ይጎድል ጀመር፤ ለካ ልጆቹ እየደመሩ ይበሉታል። «የተበላ አይደመርም» አሉ እትዬ የሻረግ፤ ሽምብራው ቀርቶ የለስላሳ ቆርኪ ይምጣ ተባለ። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ቆርኪ ከመንገድ የሚለቀም ነገር ነው፣ ጠርዙ ይቆርጣል፣ ዝገቱ ይመርዛል። ስለዚህ የትርሲትን ቆርኪ በአመድ አሸሁት፣ አጠብኩት፣ አልበቃ ብሎኝ በብረት ድስት ቀቀልኩት። ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው እንጃ፣ በማግስቱ በር ላይ ሲያገኙኝ ካፖርታቸውን ሰብስበው ቆሙ።

«አንቺ ነሽ ቆርኪ የቀቀልሽው?»

«አዎ እትዬ፣ ለጤናዋ ብዬ...»

«ጨው አንሶታል» ብለውኝ አለፉ።

የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ አራተኛን ጋብቻ ቀደመው። መደመር ግን አልረሳሁም። በአውራ ጣቴ የጣቶቼን አንጓ እየነካሁ ያሻችሁትን ያህል እደምራለሁ። ማታ ማታ ድንች ስልጥ ትርሲትን አጠገቤ አስቀምጥና «ሦስት ድንች ልጠሻል፣ ሁለት ልጥቻለሁ፤ ድስቱ ውስጥ ስንት አለ?» እላለሁ። አንጓዋን ትነካና ትመልሳለች። እትዬ የሻረግ ይህን ሲሰሙ «ጣት የተሰጠን እንጀራ ልንቆርስበት ነው። ለሒሳብ ጭንቅላት አለን፤ አለ ከተባለ» ብለው ላኩብኝ። እኔም በሆዴ «እስቲ እርስዎ ድንች ይላጡ» አልኩ። በአፌ አላልኩም።

በእኔ ቤት ግን ድንች ይቆጠራል እንጂ ሰው አይቆጠርም። እናቴ «ልጅና ከብት አይቆጠርም፤ የቆጠሩት ይጎድላል» ትል ነበር። ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት «ያሉት ይደጉልኝ» ነው መልሷ። እኔም ከሷ ወረስኩ። ማታ ሁሉም መግባቱን የማውቀው በሩ ሥር ያለውን ጫማ አይቼ ነው። የትርሲት ኮንጎ ጫማ፣ የደረጀ ሸራ ጫማ፣ የጭነት መኪና ነጂው ባሌ ከአሰብ መንገድ የተመለሰ ቀን ደግሞ የሱ ቦት። ጫማው ካለ ሰው አለ። ትርሲት ገና አፏን ስትፈታ «እማዬ፣ ስንት ነን?» ብትለኝ «አፍሽን ያዢ! ጫማውን እይ» አልኳት። ልጅ የነገሯትን ታደርጋለች። ችግሩ እሱ ነው።

አንድ ቀን «ወላጅ አምጪ» ተብላ መጣች። ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ ሄድኩ። እትዬ የሻረግ ትርሲትን ከፊታቸው አቁመው ጠበቁኝ።

«የትርሲት እናት፣ ልጅሽ ምን እንደሆነች አላወቅሁም። ስሚ። ትርሲት፣ አምስት ብርቱካንና ሦስት ብርቱካን?»

«ስምንት።»

«አምስት እርሳስና ሦስት እርሳስ?»

«ስምንት።»

«አምስት ልጆች ሲጫወቱ ሦስት ልጆች መጡ። ስንት ሆኑ?»

ትርሲት እኔን አየችኝ፣ መሬት መሬቱን አየች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆየችና «ዐሥራ ስድስት» አለች።

«ይኸውልሽ። በብርቱካን ሊቅ ናት። ሰው ሲሆን ይበዛባታል። እቤታችሁ ሰው ይበዛል?»

ገባኝ። አፈርኩም፣ ኮራሁም። «እትዬ፣ ልጄ ሰው አትቆጥርም። ጫማ ነው የምትቆጥረው» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው፤ ድዳቸው ሳይቀር ታየ። ሳቃቸው ሲያልቅ ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ፣ ፊታቸው ጠመኔ በጠመኔ ሆነ። «ባለ አራት እግር አድርጎ ያልፈጠረን ይመስገን» አሉ። ከዚያ ኮስተር ብለው «በኔ ክፍል ሰው ይቆጠራል። መንግሥት እየቆጠራችሁ እኔ ብተው ምን ይፈይድላችኋል? ጉልበትሽን ለቆርኪሽ አድርጊው» አሉኝ።

«የቆጠሩት ይጎድላል እትዬ።»

«በኔ እጅ ያለፈ ልጅ ፈጣሪ ፊት ሲቀርብ የገዛ ኃጢአቱን ራሱ ይደምራል። መልአክ አያስቸግርም። ይቺ ግን እጥፍ አድርጋ ልትደምርና ሲዖል ልትገባ ነው። ሂጂ።»

ሄድኩ። ትርሲት ግን ጫማ መቁጠሯን አልተወችም፤ እኔም ተይ አላልኳት።

እዚህ ላይ ጓድ በቀለ ይግባ። ሲገባም አያንኳኳም ነበር። ማንንም አንቱ አይልም፤ አንቱታ ከፊውዳሉ ጋር ተቀብሯል ብሎ የእናቱን እኩያ «አንቺ» ይላል። አንድ ከሰዓት መጣና በራፌ ላይ ቆመ።

«ደረጀ የት ነው?»

«አጎቱ ጋ ሄዷል፣ ደብረ ብርሃን።»

ጓድ በቀለ ወደ ውስጥ አላየም። ወደ ታች አየ። በሩ ሥር ሸራ ጫማው ተቀምጧል።

«ይሄስ?»

«የባሌ ነው።»

«ባልሽ አሰብ እየተመላለሰ ኳስ መጫወት ጀመረ?» አለና ፈገግ ብሎ ሄደ። የሱ ፈገግታ ከቁጣው ይከፋል። ያኔውኑ ጫማውን በጋዜጣ ጠቀለልኩና ክንዴ እስኪሰጥም ጤፍ ጆንያው ውስጥ ቀበርኩት። ትርሲት ቆማ ታየኛለች። «የደረጀን ጫማ አላየሽም» አልኳት። «አይቻለሁ» አለች። ሕፃን ልጅ መዋሸት ለማስተማር ከመደመር የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ አልነበረኝም።

ከዚያ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ትርሲት ከትምህርት ቤት እየዘለለች መጣች። «እማዬ! ቲቸር ሰው አይቆጠርም አሉ!»

«ምን አሉ?»

«የትርሲት እናት ልክ ናቸው አሉ። ከዛሬ ጀምሮ እቤታችሁ ስንት ሰው አለ ካሏችሁ ጫማውን ቁጠሩ አሉ። የአሁኑንም፣ የድሮውንም፣ አልጋ ሥር ያለውንም።»

ወይ ኩራት! ሦስተኛ ክፍል ያልዘለለችው ሴት የመምህራን ማሠልጠኛ የጨረሰችዋን አሸነፈች። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ቆርኪ መቀቀል ትምህርት ሚኒስቴር ሳይደርስ አይቀርም ብዬም ተስፋ አደረግሁ። እትዬ የሻረግ ለምን እንደተሸነፉ ግን አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም። የሚያሸንፍ ሰው አይጠይቅም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ለእኔና ለሐጂ ሸምሱ «ወላጆችን ወክላችሁ ኑ፣ ትምህርቱን እዩ» የሚል መልእክት ደረሰን። ሁለታችንም ቤት ጎረምሳ እንዳለ ልብ ያልኩት በሩ አጠገብ ከቆምኩ በኋላ ነው።

ጓድ በቀለ ከዴስኩ ለመነሣት ትንሽ ታገለና ንግግር አደረገ። ትምህርት ከሕይወት መነጠል የለበትም፤ ብርቱካንና እርሳስ መደመር የከበርቴ ልማድ ነው፤ የሠርቶ አደሩ ልጅ የራሱን ቤት ይደምር። ከዚያ ድምፁን አለሳለሰ። «እሺ ልጆች! እቤት ያሉ ወንዶችን እንደምራለን። አባት፣ ሲደመር ታላላቅ ወንድሞች። የሚያውቅ?»

ያን ጊዜ የመጣበትን አወቅሁ። በር ለበር ቢዞር አንዱ ቤት ሲፈተሽ ሌላው ልጁን ያሸሻል፤ እሱ ግን ሁሉንም ባንድ ጠዋት፣ በልጆቻችን አፍ፣ በአንደኛ ክፍል ሒሳብ ሊያውቅ ነው። በሕይወቱ አንድ ብልህ ነገር አሰበ፤ እሱም በእኔ ላይ ሆነ። እትዬ የሻረግን አየኋቸው። ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ፣ የሌላ ሰው ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ፣ ጥፍራቸውን ያያሉ።

የሐጂ ሸምሱ ልጅ ነስሩ ቀድሞ ተነሣ። «መቶ!» አለ።

«መቶ ምን?»

«መቶ ወንድ! ከዚያም ይበልጣል፣ ግን ከመቶ በኋላ አልተማርንም።»

ሐጂ ሸምሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማሻአላህ! እኔ እንዲህ መውለዴን አላውቅም ነበር» አሉ። እቤታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ የሚሸጥ ጫማ ነው። ከአብዮት ጠባቂዎቹ አንዱ ሳቀ፤ ጓድ በቀለ ሲያየው ሳቁን ሳል አስመሰለው።

«ቀጥል» አሉ እትዬ የሻረግ።

የወይዘሮ ሙሉነሽ ልጅ አቤል ተነሣ። «ስድስት።»

ሰው ሁሉ ወደ እናቱ ዞረ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ የሴቶችን ሥነ ምግባር በሚመለከት በየስብሰባው የሚናገሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ። «ኧረ በሕግ አምላክ! ጓድ በቀለ፣ ይመዝገብልኝ! እቤቴ ወንድ አይገባም! አንተ ልጅ፣ የምን ስድስት ነው?»

«የአባዬ ናቸው» አለ አቤል። «ጥቁሩ፣ ቡኒው፣ ቦቱ። አልጋ ሥር ያሉት። ሁለት ሲደመር ሁለት ሲደመር ሁለት።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። እኔ ያቺን ሴት አልወዳትም ነበር፤ ያን ቀን አሳዘነችኝ።

ጓድ በቀለ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ስለ ጫማ ማን ጠየቀ? ሰው ነው ያልኩት! ሰው ቁጠሩ!»

ልጆቹ ባንድ ድምፅ «ሰው አይቆጠርም!» አሉ።

ያን ጊዜ እኔ በሩን ተደግፌ ሁሉም ገባኝ። እትዬ የሻረግ ለካ አልተሸነፉልኝም። ከማን እንደሆነ እንጃ፣ የሚመጣውን ቀድመው ሰምተው፣ በእኔ ሞኝነት የሁላችንንም ልጆች ሸፍነውበታል።

ጓድ በቀለ ግን ለእኔ ያሰበውን አልተወም። ትርሲት ፊት ሄዶ ቁጢጥ አለ። «ትርሲትዬ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ ሲሉ ሰምቻለሁ። ጫማውን ተዪው። ወንድምሽ ደረጀ ዛሬ ጠዋት ቤት ነበር፣ አልነበረም?»

ትርሲት ተነሣች። ስትጠየቅ መልስ የማትነፍግ ልጅ ናት።

«ሰው አይቆጠርም» አለች። ከዚያ፣ ደግ ስለሆነች፣ መረዳት ላቃተው ሰው ማስረዳት ጀመረች። «የደረጀ ጫማ ደግሞ በር ላይ የለም። እማዬ ጤፉ ው...»

ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። አውሮፕላን ነው። ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን አጣመሩ፤ ትርሲትም አጣመረች። እኔ በልቤ የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራሁ፤ አውሮፕላን ግን ያልፋል። ሲያልፍ ልጅቷ ካቆመችበት ትቀጥላለች፤ እንዲያ ነው የተማረችው። እትዬ የሻረግም ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል። ከአውሮፕላን ጋር ተጯጩኸው የማያውቁት ሴት በሁለት እርምጃ ደረሱና ከሞተሩ በላይ ጮኹባት።

«ተሳስተሻል! ቁጭ በይ!»

ትርሲት ቁጭ አለች፤ ፊቷ ለልቅሶ ተሸበሸበ። አውሮፕላኑ ራቀ። እትዬ የሻረግ ጠመኔውን ከጆሯቸው አውርደው ሰሌዳው ሥር አስቀመጡትና ወደ ጓድ በቀለ ዞሩ።

«ጓድ፣ በከንቱ አይድከሙ። እነዚህ ልጆች መደመር አይችሉም። አላስተማርኳቸውም።»

ይህን ያሉት ማን እንደሆኑ አስቡ። ልጅ ሁሉ ኃጢአቱን እንዲደምር አድርገው የሚያስተምሩት ሴት፣ ወላጅ ፊት፣ አለቃ ፊት፣ ገና አፍንጫቸውን ያልጠረጉ ተማሪዎቻቸው ፊት። ነስሩ «እንችላለን እኮ» ብሎ ሊነሣ ሲል አባቱ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። አቶ ሰይፉ መሐረባቸውን ጨመቁ።

ጓድ በቀለ ጎረምሶቹን ቢያጣም ባዶ እጁን አልተመለሰም። ሙያዋን የበደለች መምህርት ይዟል፤ ይህም አለቆቹ ዘንድ የሚያስመሰግን ነው። ለእሑዱ ስብሰባ ግለ ሂስ አዘጋጂ አላቸውና ወጣ። አብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን አነሡ፤ አንደኛው ተሳስቶ መጥረጊያውን ጨምሮ ነበር፣ መለሰው።

እቤት ደርሼ ትንፋሼን ሳልሰበስብ እትዬ የሻረግ መጡ። አልተቀመጡም።

«ጫማውን ከጤፉ አውጪለት» አሉኝ። «ባዶ እግሩን የትም አይደርስም።»

«እትዬ...»

«ነገ ሰውዬው ራሱ ዞሮ ይቆጥራል። እሱ በጫማ አይቆጥርም።»

«እርስዎስ ምን ይሆናሉ?»

«እኔማ መደመር የማላስተምር ሴት ነኝ። ሰምተሽ የለም?» አሉና ጎንበስ ብለው ትርሲትን አገጯን ያዟት። ዓይኗ እንዳበጠ ነው። «ክፍል ውስጥ ተሳስተሻል ያልኩሽ ውሸት ነው። አልተሳሳትሽም። ስድስትና ሰባት?»

«ዐሥራ ሦስት።»

«ስድስት ሰውና ሰባት ሰው?»

ትርሲት እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች። «አይቆጠርም።»

«ጎበዝ» አሉ እትዬ የሻረግ።

ያንን ቃል ከሳቸው አፍ የሰማ ሰው ቢኖር ትርሲት ናት።

ደረጀ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በባሌ ባልደረባ የጭነት መኪና፣ በጆንያ መሀል ሆኖ፣ በኮተቤ መንገድ ወጣ። በጋዜጣ ብጠቀልለውም ጤፍ አይደል፣ ጫማው ውስጥ ገብቶበት መንገዱን ሙሉ ሲያራግፍ እንደሄደ ኋላ ነግሮኛል። በማግስቱ ጓድ በቀለ መጣና ጆንያዬን በዱላ ወጋ። ጤፍ አገኘ።

እሑድ በስብሰባው ላይ እትዬ የሻረግ ካፖርታቸውን ቆልፈው ቆሙና ግለ ሂሳቸውን አሰሙ። «ጓዶች፣ ሕፃናቱን ጫማ ሳስቆጥር መቆየቴን አምናለሁ። አምስትና ሦስት ስምንት ነው እያልኩ ማንንም ሳላማክር በግሌ ስወስን ኖሬአለሁ። ከእንግዲህ የሚመለከተው አካል እስኪወስን ድረስ ስንት እንደሚሆን አልናገርም።» ጓድ በቀለ «ከልብ የመነጨ ግለ ሂስ ነው» ብሎ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን፤ ያን ጊዜ ለዝናብም ይጨበጨብ ነበር። ሐጂ ሸምሱ ብቻ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙ።

ወደ ጠረፍ ተዛወሩ ተባለ። የት ጠረፍ እንደሆነ አቶ ሰይፉም አላወቁም፣ ወይም ማወቅ አልፈለጉም። በሳቸው ቦታ አንድ ደረቱን የነፋ ወጣት መጣ። ልጆቹን ቢጠይቃቸው ሁሉም እንደ ውኃ ይደምራሉ። መደመር የማይችል ክፍል ተረክቦ በወር ውስጥ አስተማረ ተብሎ ፔርሙዝ ተሸለመ።

ደረጀ መንግሥት ሲለወጥ ተመለሰ። ዛሬ ልጆች አሉት፤ ስንት እንደሆኑ አትጠይቁኝ። በበዓል ሲመጡ በሩ ሥር የሚከመረውን ጫማ አያለሁ፤ ይበቃኛል። ትርሲትም የራሷን ልጅ መደመር ታስተምራለች፣ አውሮፕላን ሲያልፍም እስከ ዛሬ እጇን ታጣምራለች፤ ባሏ ለምን እንደሆነ አያውቅም።

እትዬ የሻረግ ግን ደረጀ በደህና መድረሱን ሳይሰሙ ነው የሄዱት። ከቤቴ ሲወጡም ጫማውን ሲያደርግ እንኳ አላዩም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ወደ ፊት ዘንበል የሚሉ ሴት ናቸው፤ ዛሬ በጣም አርጅተው ይሆናል። ጠመኔ ጆሯቸው ላይ ይሰኩ ነበር። የት እንዳሉ የምታውቁ ካላችሁ፣ ወይም እንደሚባለው አርፈው ከሆነ የት እንደተቀበሩ የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።